ከበረዶ ተራራ በባቴ ይዤው የወረድኩት ሕመም

አንድ እግራችሁ ብቻ አብጦ ባታችሁ ሲነካ የሚያቃጥል ከሆነ ይህን ጽሑፍ ተዉትና ሐኪም ቤት ሂዱ። ጽሑፉ የትም አይሄድም፤ ስትመለሱ ታነቡታላችሁ። እኔ ይህን የሚነግረኝ ሰው አላጣሁም ነበር። ያጣሁት የሚሰማ ጆሮ ነው።

ስሜ ፀዳለ ይባላል። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ሲያትል ውስጥ አውቶቡስ እነዳለሁ። ከባለቤቴ ከግርማና ከአሥራ አምስት ዓመቷ ልጃችን ከሜላት ጋር ሌክ ሲቲ እንኖራለን። በረዶ ሲጥል ደግሞ ስኪ እወጣለሁ። እዚህ ላይ ሐበሻ የሆነ ሁሉ ቆም ብሎ ከላይ እስከ ታች ያየኛል፤ ለምጄዋለሁ። የእኔ ስኪ በማሽን ወንበር ተንጠልጥለው ወጥተው የሚንሸራተቱበት አይደለም። መንገድም ሰውም በሌለበት ተራራ ላይ ከስኪው ሥር ወደ ኋላ የማያንሸራትት ፀጉራም ጨርቅ ተለጥፎ ለሰዓታት ዳገቱን በእግር ይወጣል። ጫፉ ላይ ጨርቁን ልጦ መውረድ ነው። ያስለመደችኝ ሱዛን የምትባል የሥራ ባልደረባዬ ናት፤ ስልሳ ዓመት አልፏታል፣ ዳገት ላይ ግን ቀድማኝ ነው የምትገኘው። ግርማ "ሰው ከብርድ ይሸሻል፣ አንቺ አድራሻውን ጠይቀሽ ትሄጂበታለሽ" እያለ ያሾፍብኛል።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ዐቢይ ጾም ነው። ቅዳሜና እሑድ ስለምነዳ የእረፍት ቀኖቼ ረቡዕና ሐሙስ ናቸው። ቅዳሜ ወይም እሑድ ብንወጣ ኖሮ ጠዋት ቀምሼ እወጣ ነበር፤ ረቡዕ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም የለም። እኔ ደግሞ ጾምና ስኪ አንድ ላይ አይሄዱም የሚለኝ ሰው እንዲኖር አልፈለግኩም። ሁለቱንም እችላለሁ ብዬ ነበር። እችላለሁ ማለት የቆየ በሽታዬ ነው፤ ለእሱ እስካሁን መድኃኒት አልተገኘለትም።

ያን ረቡዕ ገና ሳይነጋ ተነስተን ወደ ሰሜን ወደ ካናዳ ድንበር አቅጣጫ ሦስት ሰዓት ነዳን። ከዚያ አምስት ሰዓት ያህል ወጣን። ፀሐይዋ ወጥታ ስለነበር ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። ሱዛን ባረፍን ቁጥር ውሃዋን ትጠጣለች፤ እኔ ደግሞ የፔርሙዜን ክዳን ከፍቼ አፌ ላይ አስነክቼ እመልሰዋለሁ። እንዳታውቅብኝ ነው። አንድ ጊዜ "ዛሬ ድምፅሽ ደርቋል፣ ደህና ነሽ?" አለችኝ። ደህና ነኝ አልኳት። የግራ እግሬ ቡት ባቴን አጥብቆ ይዞት ነበር፤ እሱንም ላላ ማድረግ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ሆኖ ሳለ አላደረግኩትም። ወርደን መኪና ውስጥ ገብተን ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በዳቦ ፈታሁ፣ ጥቂት ውሃ ተጎነጨሁ፣ ከዚያ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሳልንቀሳቀስ ተቀምጬ ተመለስኩ።

ዓርብ ወደ ሥራ ገባሁ። አውቶቡስ ነጂ ብዙ ውሃ አይጠጣም፤ መጸዳጃ ያለው መስመሩ ጫፍ ላይ ነው፣ ሰዓቱም ይሮጣል። ስለዚህ ዓርብም ቅዳሜም አሥር አሥር ሰዓት በደረቅ ጉሮሮ ተቀመጥኩ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የግራ ባቴን የሆነ ነገር ጨምድዶ ያዘኝ። ከሥራ ስወጣ ያለቀጠሮ የሚያስተናግድ አንድ ክሊኒክ ገባሁ። ሳል በሳል በሆነ የመጠበቂያ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰዓት ተቀምጬ ቴሌቪዥን ላይ የሰው ወጥ ቤት ሲታደስ አየሁ። በመጨረሻ የገባው ሐኪም ወጣት፣ ፈገግተኛ፣ በጣም የቸኮለ ነው። ስኪ እንደነበርኩ ስነግረው እግሬን በሱሪዬ ላይ ጫን ጫን አደረገና "ጡንቻ ነው፤ እረፍትና የሕመም ማስታገሻ ይበቃዋል" አለኝና ይህንኑ በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። እኔም ደስ አለኝ። ደስ የሚል ነገር የነገረኝን ሐኪም አልጠይቅም።

ሰኞ እግሬ አበጠ። ካልሲዬ ሲወልቅ ጎድጓዳ መስመር ጥሎ ቀረ። ግርማ "ሌላ ሐኪም ይየው" ቢለኝ "እትዬ አሰለፈች እያሉ?" አልኩት። እትዬ አሰለፈች ኮሎምቢያ ሲቲ ከወንድ ልጃቸው ጋር የሚኖሩ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ወጌሻ ናቸው። የታክሲ ሹፌሩን ትከሻ፣ ኳስ የሚጫወተውን ልጅ ቁርጭምጭሚት፣ ሁሉንም የሚያሹት እሳቸው ናቸው። ገንዘብ አይቀበሉም፤ "እጄን ያከበርሽ እንደሆን ጸልዪልኝ" ይላሉ። የእኔንም ትከሻ ሁለት ጊዜ አድነውታል።

ግርማ ይዞኝ ሄደ፤ ሶፋቸው ላይ እግሬን ዘርግቼ ተቀመጥኩ። እትዬ በእጃቸው ጀርባ መጀመሪያ የቀኙን ባቴን፣ ቀጥሎ የግራውን ነካ አደረጉ። ከዚያ እንደገና።

"ወድቀሻል?"

"አልወደቅኩም፣ እትዬ።"

"ረግጠሽ ጠምዝዞሻል?"

"የለም።"

"ታዲያ ያልወደቀ፣ ያልተጠመዘዘ እግር ምን ብሎ ያብጣል? ሙቀቱም የወለምታ ሙቀት አይደለም። ይሄ የውስጥ ነው፣ ልጄ። ሐኪም ይየው።"

"ሐኪምማ አይቶታል። ቼክ አድርጎ መስል ነው አለኝ። ጡንቻ ነው ማለቱ ነው፤ ይኸው ወረቀቱ።"

"መሣሪያ ላይ አስተኝቶሽ ነው?"

"በእጁ ነው። ግን ዶክተር ነው እኮ፣ እትዬ!"

እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ። "እኔን እጄ እንቢ አለኝ" አሉ።

"ሶ፣ ከሌክ ሲቲ ድረስ መጥቼ እንዲሁ ይመልሱኝ? ትንሽ ላላ ያድርጉልኝ ብቻ።"

ግርማን አዩት፤ ግርማ መሬት መሬት አየ። "እንግዲህ የተማረው ጡንቻ ነው ካለ እኔ ማን ነኝ?" ብለው ተነሡ። ጾም ስለሆነ በቅቤ ፈንታ የወይራ ዘይት አመጡ፣ እየፈሩ አሹኝ። እንባዬ እስኪመጣ አመመኝ። ዛሬም ሳስበው የሚገርመኝ ይህ ነው። እግሬን ካዩት ሰዎች ሁሉ መጀመሪያ ሕመሜን ያወቁት እሳቸው ነበሩ፤ እኔ ደግሞ የሐኪሙን ወረቀት አንሥቼ አፋቸውን ዘጋሁበት።

በሁለተኛው ቀን እብጠቱ ጎደለ። ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ኮል እያደረግኩ እትዬን አመሰገንኩ። ለራሳቸውም ደውዬ "እጅዎ ይባረክ፣ ድኛለሁ!" አልኳቸው። እሳቸው ግን "አንድ ጊዜ በመሣሪያ ይዩልሽ" ነው ያሉት።

በዚያው ቀን የቤታችንን ደረጃ ስወጣ ስድስተኛው ላይ ቆምኩ። ስድስት ደረጃ! ባለፈው ሳምንት ተራራ የወጣሁ ሴት። በቀኝ የጎድን አጥንቴ ሥር ትንፋሽ በሳብኩ ቁጥር እንደ መርፌ ይወጋኛል። በረዶ ላይ የያዘኝ ብርድ ነው ብዬ ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ። ነርሷ "ሌላ የሚያምሽ ቦታ አለ?" ብላ ጠየቀችኝ። እግሬ ድኖ የለ? "የለም" አልኳት። አስም ሊሆን ይችላል ተብሎ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ተሰጠኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኔ ግማሹን ለአንዱ፣ ግማሹን ለሌላው አድዬው ነበር። ሌሊት ጋደም ስል አየር የሚያጥረኝ ስለመሰለኝ ሦስት ትራስ ደርቤ ተቀምጬ አነጋሁ። ለግርማ አልነገርኩትም።

ቅዳሜ ግን አውቶቡሱ ውስጥ ሁሉም ነገር ተገለጠ። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ አንድ ተሳፋሪ ገባ፤ ወንበሩን ላስርለት ከመቀመጫዬ ተነሣሁ፣ ጎንበስ አልኩ፣ ቀና ስል አየሩ የለም። ልቤ እንደተባረረ በግ ይዘላል። ተመልሼ ተቀመጥኩ፣ ፍሬን መያዙን አረጋገጥኩ፣ በሬዲዮ ጠራሁ። አንዲት የማላውቃት ሴት መጥታ አምቡላንሱ እስኪደርስ እጄን ይዛ "ቀስ በይ፣ ቀስ በይ" ስትለኝ ቆየች። ስሟን ሳልጠይቃት ወሰዱኝ።

ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ግርማ ከሥራ፣ ሜላት ከጓደኛዋ ቤት እየሮጡ ደረሱ። አንዲት ነርስ ከማሞቂያ ቁምሳጥን ያወጣችውን ብርድ ልብስ እላዬ ላይ ስታደርግልኝ ማልቀስ ጀመርኩ። እስከዚያ አላለቀስኩም ነበር። ሐኪሟ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ወንበር ስባ የምትቀመጥ ሴት ናት። በቅርቡ ረጅም መንገድ ተቀምጠሻል? ውሃ ትጠጫለሽ? እግርሽን አሞሽ ያውቃል? ሰው አሽቶሻል? እያለች ጠየቀችኝ። እውነቱን ለመናገር አፈርኩ። ጾሙ የእኔና የእግዚአብሔር ነው፤ እትዬን ደግሞ ፈረንጅ ፊት አላስወቅስም። "ውሃ እጠጣለሁ። ማንም አላሸኝም" አልኩ።

"ማም! ቴል ሀር!" አለች ሜላት፤ ንገሪያት ማለቷ ነው።

"አንቺ ዝም በይ።"

"ኖ! ዩ ኩድ ዳይ!" ብላ ጮኸችብኝ፤ ትሞቻለሽ ነው የምትለኝ። ከዚያ ወደ ሐኪሟ ዞራ በእንግሊዝኛ ሁሉንም ዘረገፈችው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንደማልጠጣ፣ በፔርሙዙ ሱዛንን እንደማታልላት፣ እግሬ አብጦ እንደነበርና እትዬ አሰለፈች እንዳሹኝ፣ አንድም አላስቀረች። ለካ ልጄ አማርኛችንን ሁሉ ትሰማ ኖሯል፤ እኛ የማትሰማ መስሎን በፊቷ ስናወራ ኖርን።

ወዲያው ወደ ምርመራ ወሰዱኝ። ሁለቱም ሳንባዎቼ ውስጥ የረጋ ደም ተገኘ። ሐኪሟ በቀላል ቋንቋ አስረዳችኝ። ውሃ ያጣ ደም ይወፍራል፤ እግር ተጨምድዶና ሳይንቀሳቀስ ሲቆይ ደግሞ በጥልቁ የደም ሥር ውስጥ ሊረጋ ይችላል። ከዚያ ጓሉ ተቆርሶ በልብ በኩል አልፎ ሳንባ ውስጥ ይወተፋል። በራሱም ይነቀላል፤ መታሸት ግን ሊነቅለው ስለሚችል እንዲህ ያለ እግር አይታሽም። እብጠቱ የጎደለው ስለዳንኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ በሽታው ቤት ቀይሮ ኖሯል።

"ያሸችሽ ሴትዮ ሕክምና ተምራለች?" አለችኝ።

"አልተማሩም። ለነገሩ እንቢ ብለው ነበር። የውስጥ ነው፣ ሐኪም ይየው ብለውኝ ነበር።"

ብዕሯን አስቀመጠች። "ልክ ነበሩ" አለች። "እሳቸውን ብትሰሚ ኖሮ ዛሬ እዚህ አንተዋወቅም ነበር።"

አራት ቀን ተኛሁ። ደም ማቅጠኛ ጀመርኩ፤ ይህ መድኃኒት ደሙ እንደገና እንዳይረጋ ይከለክላል፣ ያለውን ሰውነት ራሱ ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። ለስድስት ወር ስኪ የለም ተባልኩ፤ መድኃኒቱን እየወሰዱ መውደቅ ደም ያፈሳል። ከዚያ በኋላስ? ብዬ ስጠይቅ ሐኪሟ "ሳንባሽ ይነግረናል፤ አንዳንዱ ሰው ሙሉ ትንፋሹ አይመለስለትም" አለችኝ። ሞትን ካለፍኩ በኋላ የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር። በራሴ ትንፋሽ ያን ተራራ መውጣት። ሌላው ሰው ቅንጦት ነው ቢለው አልቀየመውም።

ግርማ ሆስፒታል ውስጥ አንድ ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ቤት በገባን በሦስተኛው ቀን ግን ስኪዎቼ ከመደርደሪያው ላይ የሉም። ሊንውድ ያለ ጓደኛው ጋራዥ ውስጥ ወስዶ ደብቋቸዋል።

"ተራራ አለቀ" አለኝ።

"ማን ነው የጨረሰው?"

"እኔ። ያን ቀን እትዬ ቤት መሬት መሬት ሳይ የዋልኩት ይበቃኛል። ሁለተኛ ዝም አልልም።"

ተናድጄ ነበር፤ ይህን ሲለኝ ግን አጠገቡ ተቀመጥኩ። ጥፋቱን የራሱ አድርጎት ኖሯል። እኔም ብሆን ፈርቼ ነበር። ባቴን ትንሽ ቆንጠጥ ባደረገኝ ቁጥር፣ ሳል በያዘኝ ቁጥር ተመልሶ የመጣ ይመስለኛል። ሁለት ጊዜ ድንገተኛ ክፍል ሄጄ ምንም የለም ተብዬ ተመልሻለሁ። በከንቱ መመለስን ግን አትፈሩት፤ እንዲያውም ያማረ ነገር ነው።

ከሁሉ ያስጨነቀኝ የእትዬ ነገር ነበር። ወሬው ደርሷቸው እጃቸውን አንሥተዋል፤ የመጣውን ሁሉ "አልችልም" ብለው ይመልሳሉ አሉኝ። ባቡር ተሳፍሬ ሄድኩ፤ ከጣቢያው እስከ ቤታቸው ሦስት ቦታ አረፍኩ። በሩን ከፍተው ሲያዩኝ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

"እትዬ፣ እኔ ነኝ ያስገደድኩዎት።"

"እጄ እንቢ ብሎኝ ነበር።"

"እጅዎን ያላመንኩት እኔ ነኝ።"

"አንቺ ባታምኚውም እኔ ማመን ነበረብኝ" አሉ። "አርባ ዓመት ያሸሁበትን እጅ በአንድ ወረቀት ካድኩት።"

እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል አነሡኝ። ሁለታችንም አለቀስን፣ ከዚያ ስለ ሰው ሁሉ እያነሣን ሳቅን። ሐኪሟ ያለችውን ስነግራቸው ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። አሁን ተመልሰው ያሻሉ፤ ነገር ግን ሳይወድቅ ያበጠ እግር ይዞ የመጣውን ጫማውን ሳያወልቅ ወደ ሆስፒታል ይሰዱታል። የሚከራከራቸው ካለ በስልክ ከእኔ ጋር ያገናኙታል፣ እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም።

የነፍስ አባቴም ጋ ሄድኩ። በትዕግሥት ሰምተውኝ "ሕመምተኛ ነሽ፣ የሰው ነፍስም ትነጃለሽ፤ ውሃሽን ጠጪ" አሉኝ። ቀጥለውም "ይልቅ ክርክርሽን ጹሚልኝ" አሉ። ከሁለቱ የከበደኝ የትኛው እንደሆነ መገመት ትችላላችሁ።

ቀስ በቀስ ተመለስኩ። መጀመሪያ ከደጃችን እስከ ጥጉ፣ ቀጥሎ እስከ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ከዚያ ሽቅብ። ሱዛን በየሳምንቱ እየመጣች ሳትቸኩል አብራኝ ተራመደች። ስለ ፔርሙዙ ስታውቅ ተቆጥታኝ ነበር፤ "ተራራ ላይ ያለሽበትን ሁኔታ የምትደብቂኝ ከሆነ ሁለታችንንም ነው የምትገድይን" አለችኝ። እውነቷን ነው። ስድስት ወሩ አለቀ፣ መድኃኒቱ ቆመ፣ ሳንባዬ እንደገና ታየ። ሐኪሟ ምስሉን እያሳየችኝ "ሂጂ፤ ውሃ ጠጪ፣ ቡትሽን አላሊ፣ በመንገድ ላይ ወርደሽ ተንቀሳቀሺ" አለችኝ። የሰጠችኝ የውጤት ወረቀት ግን አላሳመነኝም። ከአንድ ወረቀት ተምሬያለሁ፤ እኔ ዳገቱን ነው መጠየቅ የፈለግኩት።

በረዶው ሲጥል ግርማ ሳልጠይቀው ሊንውድ ሄዶ ስኪዎቼን አመጣ። ከእነሱ ጋር ለራሱ የተከራየውን የበረዶ ላይ መራመጃ ጫማ ይዞ ገባ። "አብሬሽ ነው የምወጣው" አለ፤ ሌላ ማብራሪያ የለም። ግርማ በረዶ የሚነካው መኪናው ላይ ሲጥልበት ብቻ ነው።

ወደዚያው ተራራ ሄድን። ሱዛን የበረዶ ናዳ የማያሰጋበትን ለዘብ ያለውን የተራራውን ትከሻ መርጣ ፊት ፊት ትሄዳለች፣ እኔ መካከል፣ ግርማ ከኋላ። በየሃያ ደቂቃው ቆሜ እጠጣለሁ። ሁለት ሰዓት እንደወጣን የሰው ትንፋሽ እንደ ወናፍ ሲናፋ ሰማሁና ደንግጬ ደረቴን ያዝኩ። የእኔ አልነበረም። ዞር ስል ግርማ ዱላው ላይ ተደግፎ አፉን ከፍቶ ቆሟል።

"ደህና ነህ?"

"ዝም በዪኝ" አለ። ቆይቶ "እንዲህ ነው እንዴ ሁልጊዜ?" አለኝ።

"ሁልጊዜ።"

"ፈቅደሽ?"

ሱዛን ሳቋን ለመደበቅ ዞረች። ጫፉ ከዚያ ይታያል፤ ሩብ ሰዓት ቢቀር ነው፣ ግን ይከብዳል። ግርማ ቀና ብሎ አየው፣ እኔን አየኝ፣ ቦርሳውን አውርዶ በረዶው ላይ አስቀመጠ።

"ሂጂ" አለኝ። "እዚህ እጠብቅሻለሁ።"

ይህን ቃል ከሐኪሟም ሰምቼዋለሁ፤ ያመንኩት ግን ከእሱ ስሰማው ነው። ከሱዛን ጋር ወጣሁ። እርምጃ፣ ትንፋሽ፣ እርምጃ፣ ትንፋሽ። የወጋኝ ነገር የለም። ጫፉ ላይ ደርሼ ወደ ታች ሳይ ግርማ ቦርሳው ላይ አልተቀመጠም። በበረዶው መካከል ቆሞ አንገቱን ቀና አድርጎ ያየኛል። ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጮኸ።

"ፀዳለ! ትተነፍሻለሽ?"

ሳንባዬን እስኪበቃኝ ሞላሁትና ተራራው ሁሉ እስኪሰማ "እተነፍሳለሁ!" አልኩት።